መርዶ ለማዕዶት

ዶሮዋ ከእስከዳር እጅ አመለጠች።

ሁለቱን እግሮቿን አጥብቃ ነበር የያዘቻት። ከጡቷ ሥር በመሐረብ ቋጥራ የሸጎጠችው ስልክ ድንገት ሲነዝር ግን ጣቶቿ ከዷት። ዶሮዋ በእስከዳር ባል በወዳጆ ቢላዋ ሥር ሾልካ፣ የኩበቱን ክምር ዞራ፣ ጎመኑ መሐል ገባች።

«እንዲህ ያለችውን ጫጩት መያዝ ያቃተሽ፣ በግ ቢሆን ምን ይውጥሽ ነበር?» አለች ጥሩሸዋ ከደጃፏ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ጉልበት አልነበረውም። ከጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ወዲህ እህልም ውኃም በአፏ አልዞረም። አክፍሎት ይዛለች፤ ትንሣኤ እስኪበሠር አትቀምስም። ስለቷ ባሕር ለማቋረጥ ስለሄደው ልጇ ስለ አባይነህ ነው።

«ስልክሽ ነው የሚጮኸው» አለች ደግማ። «ስንታየሁ ነው የሚሆነው። አንሺውና የኔንም ልጅ ጠይቂልኝ።»

«ቆይቶ ይደውላል። አሁን ይችን ልያዝ።»

እስከዳር ጎመኑ መሐል ተንበረከከች። ስልኩ ደረቷ ላይ ሲርገበገብ ቆይቶ ዝም አለ። ከልጇ ድምፅ ስትሸሽ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ዶሮዋን ወዳጆ ያዛት። የጥሩሸዋ ባል ካረፈ ወዲህ በዚህ ደጅ ቢላዋ የሚያነሳው አባይነህ ነበር፤ አባይነህ ከሄደ ደግሞ ጎረቤቱ ወዳጆ ነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ «በስመ አብ» ሲል ድምፁ ተሰበረ። ባረከና ዶሮዋን ለሚስቱ ጥሎላት፣ ዞር ብሎ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ጥሩሸዋ አየችው። 

ስንታየሁና አባይነህ መስቀል ካለፈ በኋላ ነበር አብረው ከቀየት ከተማ መኪና የተሳፈሩት። ወደብ ላይ ዕቃ ሲጭኑ ከረሙ፤ ሆሳዕና ሲቃረብ «ጀልባ አገኘን» ብለው ደወሉ። ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ማታ፣ ስንታየሁ ከማዶ ደወለ። ጀልባዋ ዳር ሳትደርስ ተገልብጣለች። እሱ ዋኝቶም ተጎትቶም ወጥቷል። አባይነህን ዓይኑ እያየ ውኃው ወሰደው።

እስከዳር የልጇን ድምፅ እንደሰማች «ተመስገን» አለች። ስለ አባይነህ የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ «ተመስገን» ከረቡዕ ጀምሮ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰክታለች።

ዓርብ፣ ስግደቱ ሲያበቃ፣ መምሬ አትናቴዎስ ሽማግሌዎቹንና የማኅበሩን እናቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ሰበሰቡ።

«ሴትዮዋ አክፍሎት ላይ ናት» አሉ። «በባዶ አንጀቷ መርዶ ነግሬያት አንድ ነገር ብትሆን የምጠየቀው እኔ ነኝ። ትንሣኤን ትዋልበት፤ ትንሽ እህል አፏ ይግባ። ለማዕዶት፣ ሰኞ ማለዳ፣ ሄደን እንነግራታለን።»

«ፍትሐቱስ አባቴ?» አለ ወዳጆ። «በሕማማት ፍትሐት የለ።»

«በሆሳዕና ለሁላችን ተፈትቶ የለም? በዚህ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ ነው። እሱም ከዚያ ውስጥ አለ» አሉ መምሬ፤ ግን ወደ መሬት እያዩ ነው ያሉት።

ሁሉም ተስማማ። ከሁሉ ቀድማ «ይሁን» ያለችው እስከዳር ነበረች። ለጓደኛዋ አዝና ነው ብለው አሰቡላት። እሷም እንደዚያ ብታስብ በወደደች። ልጆቹ «እንሂድ» ሲሉ ነገሩን የጠነሰሰው ስንታየሁ መሆኑን አገር ያውቃል። ሰኞ ካለፈ በኋላ ጥሩሸዋ «ልጅሽ ልጄን ወሰደብኝ» የምትልበት ቀን ይመጣል። ከዚያ ቀን በፊት አንድ በዓል፣ አንድ የመጨረሻ በዓል አብራት መዋል ፈልጋ ነው ይሁን ያለችው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለንስሐ አባቷም ቢሆን።

ሁለቱ ከሙሽርነታቸው ጀምሮ በዓልን ለየብቻ ሠርተው አያውቁም። ጥሩሸዋ ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ በታች ካለው ቆላ ነው ወደዚህ ውርጭ የተዳረችው። በመጀመሪያው ክረምት የእጇ ጣት እስኪሰነጠቅ ስታለቅስ፣ እስከዳር የራሷን የበግ ፀጉር ባና አልብሳት፣ የገብስ ዳቦ እንዴት እንደሚደፋ አሳየቻት። ጥሩሸዋ ደግሞ ከእናቷ ቤት አንድ ወግ ይዛ መጣች። በእናቷ ቤት የፋሲካ የመጀመሪያው ጉርሻ ለባልም ለልጅም አይሰጥም። እናት እናትን ነው የምታጎርሰው። «ዓመቱን ሙሉ ሌላውን ስታጎርስ የከረመችውን ማን ሊያጎርሳት ነው?» ይሉ ነበር እናቷ። ወዳጆ መጀመሪያ ሲያይ «ይኸ የቆላ ወግ በኛ ላይ ሊነግሥ ነው» ብሎ ቀልዶ ነበር። ውሎ አድሮ ለመደው፤ ሌሎቹም ሴቶች ተከተሉት።

ባለፈው ገና ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩበት። ከዶሮው ብልት ፈረሰኛው የአባወራ ነውና አባቱ ከሞተ ወዲህ የሚበላው አባይነህ ነበር። ጥሩሸዋ እሱን አወጣችና ለእስከዳር አጎረሰቻት። እስከዳርም የስንታየሁን ድርሻ ለጥሩሸዋ።

«እኔ ያንቺን ልጅ ሳበላ፣ እዚያ ማዶ የማላውቃት እናት የኔን ታበላልኛለች» ነበር ያለችው ጥሩሸዋ።

በዚያው በቀዳም ስዑር፣ ዶሮዋ በታረደችበት ዕለት፣ ወደ ቀትር ካህናቱ ደወል እየመቱ ቄጤማ አድለው አለፉ። «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» አሉ። ጥሩሸዋ ቄጤማውን ራሷ ላይ አሰረች፤ አንድ ዘለላ ቆርጣም የአባይነህ ጋቢ በተሰቀለበት ችካል ላይ ጠመጠመች። እስከዳር ዶሮውን ስታጥብ ቀና ሳትል ይህን አየች።

ካህናቱ ከሄዱ በኋላ እትዬ ጠጄ መጡ። ለአካባቢው እናቶች ሁሉ ታላቅ ናቸው። አንድ ጎድጓዳ ቅቤ ይዘዋል፤ ሁለት የማኅበር ሴቶች ተከትለዋቸዋል፤ አንዷ ጠላ በእንስራ፣ አንዷ ዳቦ በመሶብ። ጥሩሸዋ የመጣውን አንድ በአንድ አየችው።

«ምነው እትዬ ጠጄ፣ ያለቀልኝ መሰለዎት? ገና ለት ከእስከዳር በቀር በሬን ያንኳኳ አልነበረም። ዛሬ ቅቤው፣ ጠላው፣ ዳቦው።»

«የሰጠ መቼም አይመሰገን» አሉ እትዬ ጠጄ። «እንኪ ተቀበይኝ፣ ክንዴ ዛለ።»

«እኔ እኮ የራሴ ቅቤ አለኝ።»

«ያንቺን ቅቤ እናውቀዋለን። ባለፈው ዓመት ስትቀቢው ጊዜ ንቡ ሁሉ መንደር ለቆ ተሰደደ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጥሩሸዋም ሳቀች። ሴቶቹ ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም ሳቁ። አንዷ ሽንኩርት ልላጥ አለች፣ አንዷ ውኃ ልቅዳ አለች። ለአንዲት ዶሮ ይህን ያህል እጅ።

እስከዳር ኩበት ልታመጣ ወደ ጓሮ ዞረች። ከክምሩ ጀርባ ቆማ ሳለ ጥሩሸዋ እትዬ ጠጄን ከግድግዳው ወዲህ ይዛቸው መጣች። ድምፃቸው በቅርብ ተሰማት።

«እትዬ ጠጄ፣ አይደብቁኝ» አለች ጥሩሸዋ። «ነገር እንዳለ አውቄያለሁ።»

«የምን ነገር?»

«ዓይን አለኝ እኮ። ወዳጆ ዶሮ ሲያርድ አለቀሰ። ወዳጆ የአባቱን ለቅሶ ደረቅ ዓይኑን የዋለ ሰው ነው። እሷም ስልኳ ሲጮህ ፈርታ አታነሳውም፤ ልቧ ነግሯታል። እናንተም ይህን ሁሉ ተሸክማችሁ የመጣችሁት ለኔ አይደለም፤ እሷ እዚህ ስለዋለች ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስንታየሁ ነው አይደል?»

እስከዳር ኩበቱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

 እትዬ ጠጄ እስከዳር ባልጠበቀችው ድምፅ፣ ቀስ ብለው፣ «ማን ነገረሽ?» አሉ።

«ማንም። ታዲያ መቼ ልትነግሯት ነው?»

«ለማዕዶት። በዓሉን ትዋልበት ብለን።»

«ደግ አደረጋችሁ።» አለች ጥሩሸዋ። «የኔስ? አብረው አልነበሩም?»

«ያንቺማ ደኅና ነው» አሉ እትዬ ጠጄ። «ተሻግሯል አሉ።»

ጥሩሸዋ ተንበርክካ መሬቱን ስትስም እስከዳር ሰማቻት። ከዚያ ተነስታ ልብሷን አራገፈች።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» አለች። «ደስ አለኝ። እሷ እዚያ ዶሮዬን እያጠበች፣ እኔ እዚህ ደስ አለኝ። አይንገሩብኝ።»

ጥሩሸዋ ወደ ቤት ከገባች በኋላ እስከዳር ከክምሩ ጀርባ ወጣች። እትዬ ጠጄ ሲያይዋት ግድግዳውን ተደገፉ።

«ምን አደረጉ እትዬ ጠጄ?»

«ምን ልበላት? ራሷ ይዛው የመጣችውን አፏ ላይ መለስኩላት እንጂ እኔ አልፈጠርኩም።»

«አባይነህን ተሻግሯል አሏት እኮ።»

«ታዲያ ሞቷል ልበላት? በቀዳም ስዑር? ያንን ደረቅ ከንፈሯን አላየሽም?» እትዬ ጠጄ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «ያለው አንድ ቀን ነው። ላንቺ ልጅ ብታለቅስለት ምን አለበት? ሳይሞት የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል ይባላል።»

«እንዲህ ሆኖ የሚረዝም ዕድሜ ይቅርበት» አለች እስከዳር። 

ወደ ውስጥ ስትገባ ጥሩሸዋ ቢላዋውን ከእጇ ወሰደችባት።

«ቁጭ በይ። እኔ እገነጥለዋለሁ።»

«አንቺ እኮ ቆመሽም አልቆምሽ።»

«እግዜር ያቆመኛል። ቁጭ በይ አልኩሽ፣ እስኬ።»

አልጋው ላይ ያለውን ባና አንስታ በእስከዳር ትከሻ ላይ ጣለችው። ውጪ የበልግ ጉም ወርዶ አጥሩ አይታይም ነበር። ጥሩሸዋ የሽንኩርቱን ድስት እያማሰለች ሦስት ጊዜ ወገቧን ይዛ ጎንበስ አለች። ሦስቱንም ጊዜ እስከዳር ልትነሳ ስትል በእጇ ምልክት መለሰቻት። ሥራዋን እየሠራች ስለ ስንታየሁ ታወራ ነበር፤ በትንሽነቱ ከበግ ግልገል ጋር ተኝቶ ስለ መገኘቱ፣ የሠርግ ዘፈን ላይ ሽማግሌ ስለ ማሳቁ። እናት ሰኞ የምታለቅስበትን ዛሬ እየሰበሰበችላት ነበር። እስከዳር ባናው ውስጥ ሆና ሁሉንም ሰማች።  ዝምታዋን ጥሩሸዋ በራሷ ፍቺ ፈታችው።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ጎህ እየቀደደ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰው ሁሉ ይተቃቀፋል። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይላል አንዱ፤ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ይላል ሌላው። ወዳጆ በሰው መሐል ወደ ሚስቱ ተጠጋ።

«ነገ ነው» አላት በጆሮዋ። «አደራሽን።»

«እሷ ለስንታየሁ እያለቀሰች መሆኑን ታውቃለህ?»

«እትዬ ጠጄ ነገሩኝ። እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ መምሬም አንዴ ሆኗል፣ ይለፍ ብለዋል።»

«መምሬም ያውቃሉ?»

 እስከዳር ዙሪያዋን አየች። ከጥሩሸዋ በቀር ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ሲያልፍ የጥሩሸዋን እጅ ይዞ ትንሽ ያቆያል፤ ጥሩሸዋም «አይዞን፣ እኔ አለሁላት» በሚል ዓይን ትመልስላቸዋለች።

«ዛሬ ሁለታችን ብቻ እንገድፍ» አለች ጥሩሸዋ፤ ክንዷን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። «ወዳጆ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይዋል። ግድ የለም፣ ድርሻውን አስቀምጥለታለሁ።»

ቤት ገብተው መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጥሩሸዋ የተልባ ውኃ በጥብጣ ለእስከዳር አቀረበችላት። ለራሷ አልቀዳችም። ዳቦውን ባረከችና የወጡን ድስት ከፈተች። በጭልፋ ስትፈልግ ቆይታ ፈረሰኛውን አወጣች፤ በእንጀራ ጠቀለለችው።

«እንኪ። ያንቺ ነው።»

«ጥሩዬ፣ አንቺ እኮ ከሐሙስ ጀምሮ…»

«አፍሽን ክፈቺ። የመጀመሪያው ጉርሻ የእናት ነው።» ጉርሻውን ወደ እስከዳር አፍ አስጠጋች። «የአባይነህ ድርሻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ዝም ብሎ መለዋወጥ አይደለም። አባይነህ ያንቺም ልጅ ነው። ሲመለስ ያንቺንም ደጅ ረግጦ ነው የሚገባ፤ ስትደክሚም ያንቺንም እጅ ይይዛል። እኔ እናቱ ብየዋለሁ። አታልቅሺ። ምን አልኩሽ? አታልቅሺ፣ ብዪ።»

እስከዳር አፏን ከፈተች። ጉርሻው ገባ። አላመጠችው፤ ዋጠችው።

ከጉርሻው ይልቅ የከበዳት ሌላ ነገር ነው። ነገ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲመጡ በሩን የምትከፍትላቸው ጥሩሸዋ ናት። «ግቡ» ትላቸዋለች። ለእስከዳር የመጡ መስሏት ራሷ መደቡን ትጠርግላቸዋለች፤ እስከዳርን ወገቧን አቅፋ ትይዝላቸዋለች። መምሬ አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ እጇ የእስከዳር ወገብ ላይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያ እጅ ምን እንደሚሆን እስከዳር ልታስበው አልደፈረችም። ጥሩሸዋ ሁለት ሞት ነው የሚነገራት፤ የልጇ ሞትና፣ ይህ ሁሉ ሰው እያወቀ ዛሬ ያያት ዓይን።

መምሬ እህል አፏ ይግባ ብለዋል። እህል ይግባ።

እስከዳር ሌላውን ብርጭቆ ሳበችና ተልባውን ቀዳችላት።

«አሁን ያንቺ ተራ ነው። ጠጪ።»

«ቆይ፣ አንቺ መጀመሪያ…»

«ጠጪ አልኩሽ። እኔ እኮ ታላቅሽ ነኝ።»

«በየት አገር ነው ታላቄ የሆንሽው?» አለች ጥሩሸዋ። ፈገግ ብላ ጠጣች። የደረቀው ከንፈሯ ሲርስ ዓይኗን ጨፈነች። እስከዳር ዳቦ ቆረሰችላት፤ በወጡ እየነከረች ትንሽ ትንሽ አጎረሰቻት። እንቁላሉን ለሁለት ከፍላ ሁለቱንም ለሷ ሰጠቻት። ጥሩሸዋ እንደ ሕፃን አፏን እየከፈተች በላች፤ ፊቷ ላይ ደም ሲመለስ ይታይ ነበር። «ይብቃኝ፣ አንጀቴ ታጥፎ ከርሞ» እስክትል ድረስ እስከዳር አልቆመችም። ከዚያ አንድ ጉርሻ ለመነቻት። ከዚያ አንድ ሌላ።

ውጪ ሰው «እንኳን አደረሳችሁ» እየተባባለ በአጥሩ በኩል ያልፋል። እስከዳር ተነስታ በሩን ዘጋች። መወርወሪያውን ሳበችው። ውኃ አምጥታ የጥሩሸዋን እጅ አስታጠበቻት፤ የራሷንም ታጠበች፤ ተመልሳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጥሩዬ» አለች።

«ወዬ።»

«ስንታየሁ አለ። በሕይወት አለ። ረቡዕ ማታ ደውሎልናል፤ ትናንትም የደወለው እሱ ነው።»

ጥሩሸዋ መጀመሪያ ደስ አላት። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ «ተመስገን፣ ተመስገን ጌታዬ» አለች። የእስከዳርን ጭንቅላት ይዛ ግንባሯን ሳመቻት። «ታዲያ እትዬ ጠጄ ምን ነክቷቸው ነው ለማዕዶት…»

እዚያ ላይ ቆመች።

እስከዳር ከመደቡ ወረደች። መሬት ላይ፣ ጥሩሸዋ እግር ሥር ተቀመጠች።